ለተጎታች የተሰፋ ድሪቶ

በ2017 ዓ.ም. ሰኔ ሲገባ ነው። መተማ ላይ ሙቀቱ ገና አልበረደም፤ ደመናው ግን በቋራ በኩል ጠቁሮ መዋል ጀምሯል። ሌላ ዓመት ደመና ሳይ ደስ ይለኛል። ሰሊጥ የሚዘራው በዝናብ ነው፤ ሰሊጥ ሲዘራ አራሚው ከደጋ ይወርዳል፤ አራሚው ሲወርድ የእኔ ድሪቶ ይሸጣል። የዚያን ዓመት ግን ደመናውን ባየሁ ቁጥር ከተቀመጥኩበት እነሳ ነበር። ልጄ ባሏ ዘንድ፣ ቋራ ገለጉ ነበረች። ነፍሰ ጡር ናት፤ ወሯም ገብቷል።

ድሪቶ መስፋት ሥራዬ ነው። ከልብስ ሰፊዎች ደጅ እራፊ እለቅማለሁ። ያረጀ አጎበር፣ የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡት ያለቀ ቶብ፣ የተቀደደ ጀለቢያ፣ ሰው የጣለውን ሁሉ አጥቤ አስቀምጣለሁ። ከዚያ ደራርቤ እሰፋዋለሁ። ሌሊት ምንጣፍ ይሆናል፣ ሲበርድ ይለበሳል። ከጎጃምና ከወሎ የሚመጣው የቀን ሠራተኛ እርሻው ውስጥ ነው የሚያድረው፤ ጥቁሩ ዋልካ አፈር እርጥበቱ አጥንት ይገባል። ድሪቶ በስፌት መኪና አይሰፋም፤ ውፍረቱ መርፌ ይሰብራል። በእጄ ነው፣ በጆንያ መርፌ። ጥጥ አልሞላም። ጥጥ እዚሁ ይመረታል፣ ግን አንድ ዝናብ ከነካው ይቋጠርና ሰውየው ጉብታ ላይ ሲገላበጥ ያድራል። እኔ ጨርቅ በጨርቅ ላይ ነው የማነጥፈው። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ልጄን ያሳደግሁት በዚህ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ያኔ ሦስት ጆንያ እራፊ ነበረኝ። በአንገረቡ ስር ነው የማስቀምጣቸው፤ አንገረብ የምንለው በገመድ የተጠለፈውን አልጋ ነው። አንደኛው ጆንያ ወፍራም ወፍራሙ ነበር፤ ካኪ፣ ጂንስ፣ የመኪና ወንበር ልብስ። ሁለተኛው ስስ ስሱ። ሦስተኛው አፉ ታስሯል።

እሱን ያሰርኩት በፊተኛው ዓመት ነው። ሴት ልጅ ለመጀመሪያ ልጇ እናቷ ቤት ትገባለች። ልጄም ልትገባ ነበር፤ ዝናቡ ቀደማት። ገለጉ ወለደች። ወንድ ነበር፤ አልቆየም። እኔ ደግሞ ሳይወለድ ጨርቅ ሰፍቼለት ነበር። በአገራችን ለሕፃን ሳይወለድ አይሰፋም። እኔም አውቃለሁ፤ ግን ለስላሳ ለስላሳው ጨርቅ እጄ ላይ ነበር፣ መርፌውም እጄ ላይ ነበር፣ ሰፋሁት። ሴቶቹ ፊት ለፊት ምንም አላሉኝም። ለቅሶ ላይ ተቀምጠው ሲተያዩ ግን አይቻለሁ። የንስሐ አባቴ ይህ ከእምነት አይደለም አሉኝ። አመንኳቸው። እጄ ግን አላመነም። ጨርቁን ጆንያ ውስጥ ከትቼ አፉን በሲባጎ አሰርኩት።

አሁን ልጄ በጊዜ እንድትመጣ ከፋሲካ ጀምሮ እወተውት ነበር። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ሲከፈት መኪና የለም፤ መኪና ሲገኝ መንገድ የለም። እንዲህ እንዲህ ሲል ግንቦት አለቀ።

አማቼ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ወጥቶ ደወለልኝ።

«እማማ፣ መኪናው ቀረ።»

«ትናንት አለ አላልከኝም?»

«ትናንት ነበር። ሌሊት ዘነበና መንገድ ላይ ጭቃ ይዞት ቀረ። ከእንግዲህ ትራክተር ካልሆነ የሚያልፍ የለም ነው የሚሉት።»

«እሷስ?»

«ደህና ናት። አዋላጇ ግን እዚህ እንዳትወልጂ፣ መተማ ትልቁ ሐኪም ቤት ድረሺ ብላታለች። ያለፈውን ታውቃለች። እማማ፣ ይሰማዎታል?»

ይሰማኝ ነበር። እሱ ነው ያልሰማኝ። መልሼ ብደውል ከአገልግሎት ክልል ውጭ ነው አለኝ።

ጎረቤቴ የወሎ ሰው ናት። መንገድ ዳር ለሾፌሮች ሻይ ትሸጣለች። የማን መኪና የት እንደሚሄድ ከመናኸሪያው ይልቅ እሷን መጠየቅ ይሻላል። ሮጬ ሄጄ ነገርኳት። ብርጭቆ እያጠበች ሰማችኝና «ተቀመጪ» አለችኝ። አልተቀመጥኩም። «እሺ ቁሚ» አለችኝ፤ ማንቆርቆሪያዋን ለሰው አደራ ሰጥታ ወጣች። ከሰዓት በኋላ አንድ የትራክተር ሾፌር ይዛ ቤቴ መጣች። ጎልማሳ ነው፤ ልብሱ ናፍጣ ናፍጣ ይላል።

«ወደ ገለጉ ናፍጣና ዘር ይዞ ይሄዳል። ሲመለስ ባዶውን ነው» አለችኝ።

«ባዶ ከሆነ ቦታ አለ ማለት ነው» አልኩ።

ሾፌሩ ሳቀ። «እናቴ፣ ክፋቱ ባዶነቱ ነው። ተጎታች ሲጫን እንደ ሽማግሌ ረጋ ብሎ ይሄዳል። ባዶውን ከሆነ እንደ ግልገል ነው የሚዘል። ነፍሰ ጡር ጭኜ አላውቅም፣ አልዋሽዎትም።»

«ድሪቶ ባነጥፍላትስ?»

«ምን ያህል ይወፍራል?»

ለሠራተኞች የሰፋሁትን አንዱን አወጣሁለት። ደጁ ላይ ዘረጋውና ጉልበቱን ጣል አደረገበት፤ ቀስ ብሎ አይደለም፣ እንደሚወድቅ ሰው። ተነሣና ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ።

«መሬቱ ተሰማኝ» አለ። «እኔ ጉልበቴን ነው። የሷ ሆዷ ነው።»

«ሁለት ሦስት ቢደረብስ?» አለች ጎረቤቴ።

«ይንሸራተታል። አንዱ ወዲያ አንዱ ወዲህ ሲሄድ እሷ ብረቱ ላይ ትቀራለች። አንድ ሆኖ የወፈረ ከተገኘ አመጣታለሁ። ካልሆነ ግን ኃላፊነቱን አልወስድም።»

«መቼ ነው የምትወጣው?»

«ከሚካኤል ማግስት፣ በጠዋት። በሚካኤል አልነዳም።»

«እኔም በሚካኤል አልሰፋም» አልኩ።

«እንግዲያው ዛሬና ነገ አለልዎት» ብሎ ሄደ።

ዕለቱን ጀመርኩ። የስኳር ጆንያዎችን ተርትሬ ገጣጠምኩና ወለሉ ላይ ዘረጋሁ። በላዩ ካኪውን፣ ጂንሱን፣ የወንበር ልብሱን አነጠፍኩ። አጎበሩን መሐል አስገባሁ፤ አጎበር ሌላውን ጨርቅ ይይዘዋል። ናይለን የሆነውን ጨርቅ ወደ ታች አደረግኩት፤ ወደ ሰውነት ከቀረበ ያልባል። እንደ ወትሮዬ ብሰፋ ኖሮ ቀለም ከቀለም አስማማ ነበር። ያን ጊዜ ቀለም አላየሁም። ጥቂት ሰፍቼ እነሣለሁ። ደጅ ወጥቼ ቋራ በኩል አያለሁ። እመለሳለሁ። መርፌውን የት እንዳስቀመጥኩ እፈልጋለሁ። ደረቴ ላይ ሰክቼው ነው። እንደገና እቀመጣለሁ።

በማግስቱ አንድ የጎጃም ልጅ ድሪቶ ሊገዛ መጣ። የተዘረጋውን አየና በሩ ላይ ቆመ።

«ይችን ስንት ይሏታል እማማ?»

«አትሸጥም።»

«ደግ አደረጉ። እችን ለብሼ ካደርኩማ መች እነቃለሁ፤ ሰሊጡን ማን ያርምልኛል? አረሙ ነው እኔን የሚያርመኝ።»

ሌላውን ገዝቶ ሄደ። እኔ አልሳቅሁም፤ ጎረቤቴ ግን ደጋግማ ስታወራው ሰምቻለሁ።

ማምሻውን ሾፌሩ በመንገዱ ብቅ አለ። ጫማውን አውልቆ ገባና ጉልበቱን ጣለበት። 

«በጣም ተሻሽሏል» አለ።

«ተሰማህ ወይ?»

«ተሰማኝ። መሐሉ ላይ። ዳር ዳሩ ጥሩ ነው፤ እሷ ግን መሐል ነው የምትተኛው።»

እግሬ ስር ሁለት ባዶ ጆንያ ወድቋል። ያለኝን ሁሉ ጨርሻለሁ፤ አሮጌ ቀሚሴን ጭምር። ጎረቤቴ ከሻይ ቤቷ መጋረጃዋን ፈታ አመጣችልኝ። «ሾፌሮቹን ፀሐይ ትምታቸው፤ ከሻዩ ይልቅ ጥላው ነው የሚያስቀምጣቸው» አለችኝ። መጋረጃው ስስ ነበር፤ አጥፌ አጥፌ ባስገባው አንድ ጣት አልሞላም። ከዚያ ዓይኗ አንገረቡ ስር ሄደ።

«ያኛውስ?» አለችኝ።

መጋረጃውን እንደገና አጠፍኩት። ምን እንዳለበት ታውቃለች። ደግማ አልጠየቀችኝም፤ ወደ ሻይዋ ተመለሰች።

በነጋው ሚካኤል ነው። ነጠላዬን ለብሼ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ሰው እልል ይላል፣ ከበሮ ይመታል፤ እኔ ከቆምኩበት አንዴ ወደ ሴቶች በር፣ አንዴ ወደ ግንቡ እላለሁ። መልአኩን አማላጅነቱን ለመንኩት። ዓይኔ ሰማይ ላይ ነበር፤ ጸሎት ይሁን ደመና ማየት ለይቼ አላውቅም። ታቦቱ ዑደት አድርጎ ከገባ በኋላ የንስሐ አባቴን ዛፍ ስር አገኘኋቸው። መስቀል ተሳለምኩ።

«አባ፣ ዛሬ መርፌ ልይዝ ነው።»

«ለሽያጭ ነው?»

«አይደለም። ልጄን የሚያመጣት ትራክተር ነገ ይወጣል። የምትተኛበት አልደረሰም።»

«እንግዲያው ምን ትጠይቂኛለሽ?»

አልሄድኩም። ቆምኩ። እሳቸውም ቆሙ።

«ሌላም አለ መሰል» አሉኝ።

«የቀረኝ ያለፈው ሕፃን ጨርቅ ብቻ ነው አባ። አፉን አስሬዋለሁ። አሁን እሷ ብትተኛበት...»

 መስቀላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አደረጉ።

«ልጄ፣ ሕፃኑ በእግዚአብሔር እጅ ነው። ጨርቁ አንቺ ቤት ነው። ለእናቱ ወገብ ቢሆን ማን ይቀየምሻል?»

ወደ ቤት ስመለስ እየሮጥኩ ነበር፤ በነጠላዬ፣ በበዓል ቀን፣ በዚህ ዕድሜዬ። ጆንያውን ጎተትኩት። ሲባጎው አልፈታ አለኝ። በጥርሴ ሞከርኩ። በመጨረሻ ቢላ አመጣሁ።

ውስጡ እንዳስቀመጥኩት ነበር። የሱዳን ቶብ፣ ብዙ ታጥቦ የሳሳ። ልጄ ሕፃን ሆና የለበሰችው ቀሚስ። ፍላኔል ቁራጮች። ለሕፃኑ የሰፋኋት ትንሿ ድሪቶም ነበረች። ዳር ዳሯን በቀይ ክር የጠቀምኳት ናት። ልተረትራት አሰብኩና አልተረተርኳትም። እንዳለች መሐል ላይ አደረግኋት፤ የልጄ ወገብ የሚያርፍበት ቦታ። የቀረውን በላዩ ደራረብኩ።

በሩ ክፍት ነበር፤ ከበዓል የሚመለስ ሰው ያየኛል። ይየኝ አልኩ። ጎረቤቴ መጣች።

«ዛሬ በዓልሽ አይደል?»

«ነው።»

«ታዲያ?»

«አባ ፈቅደውልኛል።»

«እንኳን ፈቀዱ። ካልፈቀዱልሽ እኔ ልሰፋልሽ ነበር የመጣሁት። የኛ በዓል አይደለም ብዬ።»

አጠገቤ ተቀምጣ መርፌ ላይ ክር ታስገባልኝ ጀመር። ዓይኗ ከኔ ይሻላል። ሁለት መርፌ ነበረን፤ በአንዱ ስሰፋ ሌላውን ታዘጋጃለች። ስለ ምንም አላወራንም። አንድ ጊዜ ብቻ እጇን ትንሿ ድሪቶ ያለችበት ላይ አሳረፈችና «አላህ ያድርሳት» አለች። ዝናቡ የጣለው በዚያ ጊዜ ነው። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ መርፌው ጣቴን ወጋኝ፤ ነቅዬ መስፋቴን ቀጠልኩ።

በጠዋት ሾፌሩ ተጎታቹን አምጥቶ ደጄ አቆመው። ድሪቶውን ለሦስት ሆነን አወጣነው፤ እንደ በሬ ይከብዳል። መሬት ላይ ዘረጋነው። ጉልበቱን ጣለ። እንደገና ጣለ።

«መሬቱን አላገኘሁትም» አለ።

ያን ጊዜ ነው የተቀመጥኩት፤ ድንጋዩ ላይ። ወዲያው ግን ተነሣሁ።

«እኔም እሄዳለሁ» አልኩት።

«እናቴ፣ ሲሄድ በርሜል ላይ ነው የሚቀመጡት። ሲመለስ እርስዎ ከተኙበት እሷ የት ትተኛለች?»

«አጠገቧ እቀመጣለሁ።»

«ጭቃ ሲይዘን ወርደን እንገፋለን። እርስዎን ልገፋ ነው ወይስ ትራክተሩን?»

ጎረቤቴ ክንዴን ያዘችኝ። ድሪቶውን በሸራ ጠቅልሎ ከበርሜሎቹ በላይ አሰረውና ሄደ። ወደ ሽንፋ በሚወስደው መንገድ እስኪሰወር ቆሜ አየሁት።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ነው ከሁሉ የከበደኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ባዝንም ብደሰትም እጄ ላይ ጨርቅ ነበር። አሁን ቤቴ ውስጥ አንዲት እራፊ አልነበረችም። ወለሉን ጠረግኩ፤ ተጠርጓል። ውዳሴ ማርያም ጀምሬ የት እንደደረስኩ ይጠፋኛል፤ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። የለበስኩትን ቀሚስ ጠርዝ ተርትሬ መልሼ ሰፋሁት። ምንም አልሆነም ነበር፤ ከተሰፋ በኋላም ምንም አልተሻለውም። ስልክ እሞክራለሁ፤ ያው መልስ ነው። በየቀኑ ይዘንባል። ገለጉና ሽንፋ መካከል ያሉት ጅረቶች ድልድይ የላቸውም። እሱን ነው የማስበው።

የሞተር ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እወጣለሁ። ወደ አብደራፊ የሚሄድ ይሆናል፤ ወይ ከእርሻ የሚመለስ ይሆናል።

«ትራክተር በድምፁ የሚታወቅ መስሎሻል?» አለችኝ ጎረቤቴ። «ሁሉም አንድ ዓይነት ነው የሚያስለው። ነይ ይልቅ ብርጭቆ እጠቢልኝ።»

አጠብኩላት። አንዱን ሰበርኩባት። «ሂጂ አንቺ፣ ጸልዪ፤ ጸሎቱ ይቀለኛል» አለችኝ።

እና አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ውሃ ልቀዳ ጀሪካን ይዤ ስወጣ፣ ትራክተሩ መታጠፊያው ላይ ነበር። ድምፁን አልሰማሁትም። ተጎታቹ ከጎማው እስከ ጠርዙ ጭቃ ሆኗል። አማቼ ሱሪውን ጠቅልሎ ከኋላ በእግሩ ይከተላል። ጀሪካኑን ጥዬ ሄድኩ። ልጄ ሸራው ስር በጎኗ ተኝታ ነበር። ቀና አለች።

«እማዬ፣ አትሩጪ» አለችኝ።

ሆዷን ያዝኩ። ይንቀሳቀሳል።

«አላመመሽም?»

«እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። እነሱ ሲገፉ እኔ ተኝቼ።»

ሾፌሩ ወርዶ ፊቱን በክንዱ ጠረገ። «እናቴ፣ ሽንፋ ሳንደርስ ጅረት ውስጥ ተያዝን። ድሪቶውን ጎማው ስር ላነጥፈው ነው ብላት፣ መጀመሪያ እኔን አንጥፈኝ አለችኝ። ቅጠል ቆርጠን ወጣን።»

«እንኳን አላነጠፍከው» አለ አማቼ። «አማቴ ነበሩ ጎማው ስር የሚያነጥፉን።»

ሁሉም ሳቁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከማለት ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ያንኑ ደጋገምኩት። ሾፌሩ አሜን አሜን እያለ ጎረቤቴ የሰጠችውን ሻይ ጠጣ።

ልጄ ቤት ከገባች ብዙም አልቆየች። ምጡ ጀመራት፤ ትልቁ ሐኪም ቤት ወሰድናት። ምጡ እንደ ፊተኛው አስቸጋሪ ነበር አሉ፤ ሐኪም ባይኖር ኖሮ ብለው ቀሪውን አልተናገሩም። እኔ ኮሪደሩ ላይ ከግድግዳ ግድግዳ ስል ነበር፤ ዘበኛው ሁለት ጊዜ ተቀመጪ አለኝ። ከቀትር በኋላ የሕፃን ድምፅ ተሰማ። ሴት ናት። እናቷም ደህና ናት።

ነርሷ አንገቷን ብቅ አድርጋ «የሕፃኗ ጨርቅ የታለ?» አለች።

ሰው ሁሉ እኔን አየ። የእኔ ሥራ ጨርቅ ነው። አንድም አልነበረኝም። ነጠላዬን አወለቅሁና ሰጠኋት። ሕፃኗን በእሱ ጠቅልላ አመጣቻት። ትንሽ ፊት ናት፤ ዓይኗን ጨፍና አፏን ታንቀሳቅሳለች። ተቀበልኳትና ቆሜ ቀረሁ። ከሰኔ መግቢያ ጀምሮ ረግቼ ስቆም የመጀመሪያዬ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱም ተኝተው ሳሉ ባዶ ጆንያ አጥፌ በብብቴ ይዤ ወጣሁ። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተሳለምኩ። ከዚያ ወደ ልብስ ሰፊዎቹ ሰፈር ወረድኩ። ገና ሱቃቸውን እየከፈቱ ነበር። አንደኛው አየኝና «ድሪቶ ሰፊዋ፣ ካኪ አለልዎት፣ ወፍራም ወፍራም» ብሎ የትናንቱን ቁራጭ በእግሩ ወደ እኔ ገፋልኝ። ጎንበስ አልኩ። ካኪውን ወደ ጎን አደረግኩና ከስሩ ለስላሳ ለስላሳውን መልቀም ጀመርኩ።